ገበታ በውኃ ላይ

«ብራንች» የሚባለው ቃል በጽሑፍ ከታወቀ ገና አንድ መቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ ነው። ጋይ ቤሪንጀር የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፊ በ1895 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአንድ የአደን ወዳጆች መጽሔት ላይ ባወጣው አቤቱታ መሰል መጣጥፍ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚበላው ከባድ ምሳ ቀርቶ፣ ቁርስንና ምሳን ያጣመረ፣ ረፈድ ብሎ የሚጀመርና ጨዋታን የሚጋብዝ ቀላል ማዕድ እንዲተካው ጠየቀ። ቅዳሜ ማታ ሲጠጣ ያመሸ ሰው በማለዳ ከመነሣት ይድናል የሚለውንም ምክንያት አልደበቀም። የሁለቱ ማዕዶች የእንግሊዝኛ ስሞች ተቆርጠውና ተቀጣጥለው የተፈጠረው ቃል አትላንቲክን ተሻግሮ የአሜሪካ ከተሞች የእሑድ ልማድ ሆነ። ለኢትዮጵያዊ ግን ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ቅዳሴ ሳይፈጸም እህል የማይቀምስ ምእመን፣ የእሑድ ቁርሱ ከምሳው ጋር ሲጋጭበት የኖረው ስም ሳያወጣለት ነው።

«ቡፌ» የሚለው ቃል ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በፈረንሳይኛ መነሻው በመመገቢያ ክፍል የሚቆም የዕቃ መደርደሪያ ሲሆን፣ በኋላ በላዩ የሚደረደረው ምግብ በስሙ ተጠራ። አማርኛ ሁለቱንም ትርጉም ተቀብሎ አኑሯል። በብዙ የከተማ ቤት ሳሎን የክት ብርጭቆና ሳህን የሚታይበት ባለመስተዋት ቁም ሣጥን ቡፌ ነው፤ በሠርግ አዳራሽ እንግዳው ሳህኑን ይዞ የሚሰለፍበትም ቡፌ ነው። በጥንቱ ግብር ተጋባዡ እንደ ማዕረጉ ከተቀመጠበት አይነሣም፤ መሶቡ ወደ እርሱ ይመጣል። በቡፌ ግን ሰው ወደ ምግቡ ይሄዳል። በዚህ ረገድ ቡፌ እኩልነት አለው፤ ታላቁም ታናሹም ተራ ይጠብቃል። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ «በሞቴ» የሚል የለም። ጠግቤአለሁ ያለውን እንግዳ የሚለምን፣ የሚቆጣ፣ በመጨረሻም በእጁ የሚያጎርስ ባለቤት በሌለበት ገበታ፣ ሰው የሚበላው የራሱን ዓይን ብቻ እየታዘዘ ነው።

ይህ ማዕድ ከምድር ተነሥቶ ውኃ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ለማየት ከኒው ዮርክ ወደብ የተሻለ ስፍራ ማግኘት ያዳግታል። እሑድ ረፋድ ላይ፣ ከማንሃተን ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ቼልሲ በሚባለው ሠፈር ካሉት የመርከብ መቆሚያዎች፣ ግድግዳቸው መስተዋት የሆነ ጀልባዎች ይነሡና በሃድሰን ወንዝ ወደ ደቡብ ወርደው፣ ሰፊውን ወደብ ዞረው፣ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው ይመለሳሉ። ነጭ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች በመስኮቶቹ ሥር ተደርድረዋል። መሐል ላይ ክዳናቸው የሚያብረቀርቅ ትሪዎች በትንንሽ እሳት ላይ ተጥደዋል፤ የእንቁላል ጥብስ፣ ቋሊማ፣ የአሳማ ሥጋ፣ በጢስ የተዘጋጀ ሳልሞን ዓሣ፣ ፓንኬክ፣ የተከተፈ ፍራፍሬ። ገመዱ እንደተፈታ ሰልፉ ይጀመራል። በሰልፉ መጨረሻ የቆመው ሰው ሳህኑን ሞልቶ ወደ ወንበሩ እስኪመለስ ድረስ 541 ሜትር ከፍታ ያለው የዓለም ንግድ ማዕከል ሕንፃ በመስኮቱ አልፎ ሄዷል። ከተማውን ከውኃ ላይ ለማየት ገንዘብ ከፍሎ የመጣ ሰው፣ ከተማውን በጀርባው አድርጎ የሳልሞን ትሪ ሲመለከት ማየት አስገራሚ ነው፤ ሆኖም በየእሑዱ የሚሆነው ይኸው ነው።

ከሰልፉ አስቀድሞ በድምፅ ማጉያ የደኅንነት ማሳሰቢያ ይነገራል። የመንሳፈፊያው ሰደርያ የት እንደሚገኝ፣ በየትኛው በር እንደሚወጣ። የሚያዳምጠው ጥቂት ሰው ነው። ያ ማሳሰቢያ ግን በከንቱ የተጻፈ አይደለም። ጁን 15 ቀን 1904 ዓ.ም. «ጄኔራል ስሎከም» የተባለች የእንፋሎት መርከብ ከ1,300 የሚበልጡ ሽርሽረኞችን አሳፍራ፣ በደሴቲቱ ሌላ ጎን በሚገኘው በኢስት ሪቨር ትጓዝ ነበር። አብዛኞቹ ተሳፋሪዎች የአንድ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን አባላት የነበሩ ጀርመናውያን ስደተኛ እናቶችና ልጆች ሲሆኑ፣ ዓመታዊ በዓላቸውን በሜዳ ላይ ምሳ ሊያከብሩ መሄዳቸው ነበር። እሳት ተነሣ። የውኃ ቱቦዎቹ በስብሰው ኖሮ ፈነዱ፤ የነፍስ አድን ጀልባዎቹ በሽቦ ታስረው አልነቃነቅ አሉ፤ የመንሳፈፊያ ሰደርያዎቹ ውስጥ የነበረው ቡሽ ዱቄት ሆኖ የለበሳቸውን ሕፃናት ይዞ ሰመጠ። 1,021 ሰዎች አለቁ። የመርከቡ አዛዥ ታሠረ፤ የመርከብ ቁጥጥርም ከዚያ ወዲህ ጠበቀ። ዛሬ ተሳፋሪው ብርቱካን ጭማቂውን እየጠጣ ሳያዳምጥ የሚያልፈው ንግግር የተገዛው በዚያ ዋጋ ነው።

የጀልባዎቹ መነሻም ቢሆን ለመዝናኛ የተሠራ አልነበረም። የቼልሲ መቆሚያዎች በ1910 ዓ.ም. ሲከፈቱ፣ ግራንድ ሴንትራል የተባለውን የባቡር ጣቢያ ከሠሩት መሐል የነበሩት ዋረንና ዌትሞር የነደፏቸው፣ ለታላላቆቹ የአትላንቲክ መርከቦች የታሰቡ ነበሩ። ታይታኒክ ትቆም ዘንድ የተጠበቀችው በ59 ቁጥር መቆሚያ ነበር። ኤፕሪል 18 ቀን 1912 ዓ.ም. የመጣችው ካርፔቲያ ናት፤ የታይታኒክን ባዶ ጀልባዎች በዚያው አራግፋ፣ ከሞት የተረፉትን ከ700 የሚበልጡ ሰዎች በ54 ቁጥር አወረደች። ይህንን አስጎብኚዎቹ ይተርኩታል። ብዙ ጊዜ የማይተረከው ወዛደሩ ነው። በዚህ ዳርቻ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት በየማለዳው ሌላ ዓይነት ሰልፍ ነበር። የወደብ ሠራተኞች ግማሽ ክበብ ሠርተው ይቆማሉ፤ ቀጣሪው በመካከላቸው እየተዘዋወረ ለዕለቱ የሚፈልገውን ሰው በጣቱ ይጠቁማል፤ ያልተጠቆመው ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጉቦ የሰጠ ይመረጣል፤ አፉን የከፈተ ይታለፋል። ይህ አሠራር በሕግ የተወገደው በ1953 ዓ.ም. ነው።

ወዲያው ሌላ ነገር መጣ። ኤፕሪል 26 ቀን 1956 ዓ.ም. «አይዲያል ኤክስ» የተባለች መርከብ 58 የብረት ሣጥኖች ጭና ከኒውዋርክ ወደ ሂዩስተን ተነሣች። ማልኮም ማክሊን የተባለው የጭነት መኪና ባለሀብት ያሰበው ዘዴ፣ አንድ ቶን ዕቃ ለመጫን ይወጣ የነበረውን 5 ዶላር ከ83 ሳንቲም ወደ 16 ሳንቲም ገደማ አወረደው። ኮንቴይነር ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል፤ ማንሃተን ሜዳ የላትም። ወደቡ ውኃውን ተሻግሮ ወደ ኒው ጀርሲ ሄደ፤ መቆሚያዎቹ ባዶ ቀርተው እንጨታቸው እየበሰበሰ ውኃ ውስጥ ወደቀ። በ1995 ዓ.ም. የቼልሲዎቹ የስፖርትና የመዝናኛ ማዕከል ሆነው እንደገና ተከፈቱ። እንግዲህ ነጭ ጨርቅ ለለበሰው ጠረጴዛ ስፍራ የተለቀቀለት፣ በትከሻው ቡናና ሙዝ ያራግፍ የነበረው ሰው ሥራውን በማጣቱ ነው። ይህን ማወቅ የተሳፋሪውን ምግብ አያመርረውም፤ ነገር ግን የሚበላበትን ቦታ ያሳውቀዋል።

በአንድ የነሐሴ እሑድ ከእነዚህ ጀልባዎች በአንዱ እናትና ልጅ ተሳፍረው ነበር። ልጅቱ በከተማው ብዙ ዓመት የኖረች ናት። እናቲቱ ዘጌ ተወልደው ያደጉ፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ አሮጊት ናቸው። ልጅቱ እናቷን ለማስደሰት ቲኬቱን ከወር በፊት ገዝታለች፤ የመስኮት ጠረጴዛ ለማግኘት ተጨማሪ ከፍላለች። ትሪዎቹ ሲከፈቱ ግን ፊቷ ተለወጠ። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ከዚያ ሁሉ ገበታ እናቷ እጃቸውን የሚዘረጉበት አንድም ትኩስ ነገር አልነበረም።

«እማዬ፣ ይቅር በዪኝ፤ ጾሙን ፈጽሞ ረሳሁት» አለች።

«ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል ልጄ!» አሉ እናቲቱ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ቄሱ ዓይንም ይጹም ይላሉ፤ እኔ ግን ለዛሬ ለዓይኔ ፈቅጄለታለሁ። አንቺ ብዪ።»

ልጅቱ አልበላችም። ሳህኗን ገፋ አድርጋ ከአስተናጋጆቹ አንዱን ጠራችና፣ ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተትና ቅቤም የለም ብላ አስረዳችው። ወጣቱ ጥቂት አሰበ፤ ወደ ታች፣ ወጥ ቤቱ ወዳለበት ወረደ። ሲመለስ በዘይት ብቻ የተጠበሰ ድንች፣ ሐብሐብና ቤግል የሚባለውን መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ዳቦ ይዞ መጣ። ቤግሉን በቅቤና በአይብ እንዳይነካ በሌላ ሳህን ለይቶ አስቀምጦታል። እናቲቱ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «እግዜር ይስጥልኝ፤ እናትህን ይባርክልህ» አሉት። ልጅቱ ምርቃቱን ሁሉ በአንድ የእንግሊዝኛ የምስጋና ቃል ጠቅልላ ተረጎመችለት፤ ወጣቱ ግን ቃሉ ከዚያ የሚረዝም እንደ ነበር የገባው ይመስላል፤ እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በዚያ ጀልባ ላይ የተለመደ አልነበረም። እናቲቱ ቤግሉን ቆርሰው ወደ ልጃቸው አፍ ዘረጉ። ልጅቱ ዙሪያዋን ተመለከተች። «እማዬ፣ ሰው ያየናል» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ይየና! በሞቴ፤ ይህችን ብቻ።»

ጎረሰች። አንዲት ጉርሻ ታጣላለች በሚል ሁለተኛውም ተከተለ። በአጠገባቸው ካለው ጠረጴዛ አንድ ሕፃን ይህን አይቶ አፉን ወደ እናቱ ከፈተ።

ቡናውን እናቲቱ አንድ ጊዜ ቀመሱትና ሲኒውን በዝግታ ወደ ስፍራው መለሱት። የዘጌ ሰው በቡና ጉዳይ ይሉኝታ አያውቅም። ከዚያም ከመስተዋቱ ውጪ፣ ነፋስ ወደሚነፍስበት የጀልባው ጠርዝ ወጡ። የልጅነታቸው ውኃ ጣና ነው። ወንድሞቻቸው በደንገል ታንኳ እንጨት ጭነው ወደ ባሕር ዳር ሲቀዝፉ፣ ታንኳው ውኃ ጠጥቶ እንዳይከብድ በየምሽቱ ከዛፍ አስደግፈው ሲያደርቁት አይተዋል። ይህኛውን ውኃ ግን ባሕርይውን ሊረዱት አልቻሉም።

«ወዴት ነው የሚፈስሰው?» ብለው ጠየቁ።

ልጅቱ በዚህ አካባቢ ሃድሰን ወንዝም ባሕርም መሆኑን፣ ማዕበሉ ሲሞላ ወደ ሰሜን፣ ሲጎድል ወደ ደቡብ እንደሚሄድ፣ ይህም በቀን ሁለት ጊዜ እንደሚደጋገም፣ የባሕሩም ግፊት 240 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ እንደሚሰማ ነገረቻቸው።

«እንግዲያ የኛን ዓባይ አይመስልም» አሉ። «ዓባይ ጣናን ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ይወጣል ይባላል። ይኼኛው ልቡ የተከፈለ ነው።»

ያ ቤግል ራሱ በዚህ ወደብ የገባ ስደተኛ ነው። ሊጡ በቀለበት መልክ ተጠቅልሎ መጀመሪያ በፈላ ውኃ ይቀቀላል፣ ቀጥሎም ይጋገራል፤ በጥንታዊ አሠራሩ ከዱቄት፣ ከውኃ፣ ከእርሾ፣ ከጨውና ከብቅል በቀር ብዙ ነገር አይገባበትም። ወደ ኒው ዮርክ ያመጡት የፖላንድና የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ናቸው፤ ከእነርሱም እጅግ ብዙዎቹ የገቡት ጀልባዋ በምታልፍበት፣ ቀይ ጡብና አራት ጉልላት ባለው የኤሊስ ደሴት ሕንፃ ነው። ከ1892 እስከ 1954 ዓ.ም. 12 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚያ አልፈዋል። ደሴቱ የሐኪም ምርመራና የጥያቄ ቦታ ብቻ ሳይሆን ታላቅ የመብል አዳራሽም ነበር። በረጃጅም ጠረጴዛዎች ዙሪያ የተቀመጡት ስደተኞች አይተውት የማያውቁት ምግብ ይቀርብላቸው ነበር፤ ሙዝን ከነልጣጩ የበሉ እንደ ነበሩ በኋላ ራሳቸው እየሳቁ ተርከዋል። በሃይማኖታቸው ሕግ የሚበሉት የተለየባቸው አይሁድ ግን ስቀው የሚያልፉት ጉዳይ አልነበረም። ሥጋውና ሾርባው ፊታቸው እያለ፣ ከብዙ ቀን የባሕር ጉዞ በኋላ፣ የሚነኩትንና የማይነኩትን እየለዩ ይቀመጡ ነበር። በ1911 ዓ.ም. ለእነርሱ የተለየ ወጥ ቤት ተከፈተ። ለአንድ ሳህን የተለየ ማስቀመጫ ማግኘት ለሌላው ሰው ትንሽ ነገር ነው። ለጿሚው ግን እንግድነቱ የታወቀለትና ያልታወቀለት በዚያ ነው።

የነፃነት ሐውልት ዘንድ ሲደረስ ሰልፉም ይፈርሳል። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ስለሚሮጥ ጀልባዋ ጎንበስ ያለች ይመስላል። ባርቶልዲ የቀረጻት፣ ኤፌል የውስጥ የብረት አጽሟን የነደፈላት፣ ኦክቶበር 28 ቀን 1886 ዓ.ም. የተመረቀችው ሴት ከእግሯ እስከ ችቦዋ 46 ሜትር ናት፤ የመዳብ ቆዳዋ ግን ውፍረቱ 2.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስትመጣ ቡናማ ነበረች፤ አረንጓዴ ያደረጋት የባሕሩ አየር ነው። በእግሯ ሥር የተሰበረ ሰንሰለት አለ። ሐሳቡን ያመነጨው ፈረንሳዊው ላቡላይ የባርነት ተቃዋሚ ነበርና ሰንሰለቱ በአጋጣሚ የተጨመረ ጌጥ አይደለም። ከጀልባ ላይ ሆኖ ቀና ብሎ ለሚመለከት ግን አይታይም፤ የሚታየው ችቦው ነው። ፎቶግራፍ የሚያነሣው ሕዝብ ሁሉ የሚወስደው ችቦውን ነው።

ጀልባዋ በመልሱ ጉዞ የማንሃተንን ደቡባዊ ጫፍ ስትዞር፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ከዚያ ጠርዝ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በዘጠኝ ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ በውኃ መንገድ እንደ ወጣ ማስታወስ ተገቢ ነው። ከጎታች ጀልባዎችና ከከተማው ማመላለሻዎች ጋር የምግብ መዝናኛ ጀልባዎችም በሥራው ነበሩበት። ነጭ ጨርቅ በለበሱት ጠረጴዛዎች ዙሪያ ያን ቀን የተቀመጡት በዐመድ የተሸፈኑ ሰዎች ነበሩ። ስለ ብሩክሊን ድልድይ እንኳ ብዙ ተጽፏል፤ ጣፋጩ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ልክ በሥሩ ሲታለፍ በመሆኑ፣ የ1883 ዓ.ም. ድንቅ ሥራ ከኬክ ጋር መፎካከር ግድ ሆኖበታል።

ከሁሉ ይልቅ አስገራሚው ግን ወደቡ ራሱ ገበታ የነበረ መሆኑ ነው። ሐውልቷ የቆመችበትም ሆነ ስደተኞች ያለፉበት ደሴት ቀደም ሲል የኦይስተር ደሴቶች ይባሉ ነበር። ኦይስተር ድንጋይ በሚመስል ቅርፊት ውስጥ የሚኖር የባሕር ፍጥረት ነው፤ ለኦርቶዶክስ ኢትዮጵያዊ ከሚበላ ነገር አይቆጠርም። የኒው ዮርክ ሰው ግን፣ ከአውሮፓውያን መምጣት በፊት የነበሩት የሌናፔ ሕዝቦችን ጨምሮ፣ ከዚህ ውኃ እያወጣ ኖሮበታል። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ሀብታሙ በጌጠኛ አዳራሽ፣ ድኃው በመንገድ ዳር ጋሪ ይበላው ነበር፤ ሁለቱን ያገናኘ ማዕድ ቢኖር ይህ ነበር። ከተማው ግን የበላበትን ሳህን አቆሸሸው። ፍሳሹና የፋብሪካው ዝቃጭ ያለ ማጣሪያ ወደ ወደቡ ሲለቀቅ ኖሮ፣ በሽታ ስለ ተከተለ የመጨረሻው የኦይስተር ማሳ በ1927 ዓ.ም. ተዘጋ። ውኃው መጥራት የጀመረው ከ1972ቱ የንጹሕ ውኃ ሕግ ወዲህ ነው። ዛሬ ከጀልባ ጠርዝ የቆመ ሰው ዕድል ከቀናው ዓሣ ነባሪ ሊያይ ይችላል።

ከሐውልቷ ፊት ለፊት ባለው በገቨርነርስ ደሴት፣ በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመ አንድ ድርጅት እስከ 2035 ዓ.ም. አንድ ቢሊዮን ኦይስተር ወደ ወደቡ ለመመለስ ተነሥቷል። የሥራው መነሻ የምግብ ቤት ጥራጊ ነው። ከየምግብ ቤቱ የተሰበሰበው ባዶ ቅርፊት አንድ ዓመት ያህል በፀሐይና በዝናብ ሲመታ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ የኦይስተር ጫጩቶች ይጣበቁበትና፣ የከተማው ተማሪዎች ጭምር እየረዱ፣ ወደ ውኃው ይወርዳል። አንዱ ያደገ ኦይስተር በቀን እስከ 190 ሊትር ውኃ ሊያጣራ ይችላል። ሰው በልቶ የጣለው ቅርፊት ለሕያው ቤት ይሆናል ማለት ነው። የሚራባው ግን ለመብል አይደለም። ከዚህ ወደብ ኦይስተር አውጥቶ መብላት እስካሁን ክልክል ነው፤ በጀልባው ገበታ ላይ በበረዶ ተደርድሮ ቢቀርብ እንኳ ከሌላ ባሕር በመኪና ተጭኖ የመጣ ነው።